ቀለበቱ፣ እንቁላሎቹ እና መርፌው

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ዕቃ ነው። ከብረት ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን ቱቦ። አፕሊኬተር ይሉታል። ቡና ይዛችሁ የምታነቡ ከሆነ ቡናውን ጨርሱና ተመለሱ፤ ምክንያቱም የዚህ ዕቃ መግቢያው የሴት ብልት ነው፣ መድረሻው ማህፀን። (አዎ፣ ቃሉን ጽፈነዋል። ከዚህ በታችም ደጋግመን እንጽፈዋለን።)

ስለ ማህፀን በር ካንሰር የሚነገረው ነገር ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይቆማል። «ቅድመ ምርመራ አድርጊ» ይላል ፖስተሩ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ፈገግ ትላለች፣ አለቀ። መልእክቱ ልክ ነው፤ አድርጉ። በሽታውን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባለው ቫይረስ እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል፣ ክትባቱም በአገራችን ከ2018 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለልጃገረዶች ይሰጣል። ግን ፖስተሩ ሳይደርስላቸው የቀሩት ሴቶችስ? የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2022 ብቻ 660 ሺህ ያህል ሴቶች ታመዋል፣ 350 ሺህ ያህል ሞተዋል። በኢትዮጵያ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚይዘው እሱ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በቀዶ ሕክምና ተወግዶ የሚያልቅበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ የሚቀረው ጨረር ነው። ጨረሩም ሁለት ነው፤ የውጪና የውስጥ። የውጪውን ሰው ሁሉ በስም ያውቀዋል። የውስጡን ግን ሆስፒታል የተኙት ሴቶች እንኳን ለልጆቻቸው አይነግሩም።

እኛ የሰማነው በእቴቴ ምክንያት ነው፤ የአባታችን ታላቅ እህት ናቸው። እሳቸውን ትንሽ ቆይተን እናመጣቸዋለን።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንነጋገር። የውጪው ጨረር በተለምዶ 25 ቀን ነው፤ በድምሩ 45 ግሬይ። (ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው፤ እንደ ኪሎ አድርጋችሁ ውሰዱት።) ጎን ለጎን በሳምንት አንድ ቀን ሲስፕላቲን የሚባል መድኃኒት በግሉኮስ መልክ ይንጠባጠባል። ይህ ሁሉ ዕጢውን ያሟሽሸዋል እንጂ ብዙ ጊዜ አይጨርሰውም። ለመጨረስ በድምሩ ወደ 85 ግሬይ ያስፈልጋል። ያን ያህሉን በሙሉ ከውጪ ልላክ ብትል ከፊት ያለው ፊኛና ከኋላ ያለው አንጀት አብረው ያልቃሉ። ስለዚህ መላው ምንድን ነው? ጨረር የሚተፋውን ነገር ራሱን ወስዶ ዕጢው አጠገብ ማስቀመጥ። ብራኪቴራፒ የተባለው ለዚህ ነው፤ «ብራኪ» በግሪክኛ አጭር ማለት ነው፣ ከአጭር ርቀት የሚሰጥ ሕክምና።

የሚቀመጠው ነገር ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ የኢሪዲየም ቅንጣት ነው፤ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ተበይዷል። በሽተኛዋ አፕሊኬተሩ ከገባላት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ትቀራለች፣ ሽቦው ከማሽኑ ወጥቶ በቱቦው ውስጥ ይገባል፣ እዚህ ጋ ጥቂት ሰከንድ፣ እዚያ ጋ ጥቂት ሰከንድ እየቆመ ይሄዳል፣ ከደቂቃዎች በኋላ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ 7 ግሬይ ነው፤ 3 ወይም 4 ጊዜ ይደገማል። 4 ጊዜ 7፣ 28 ነው ብላችሁ ከ45 ጋር እንዳትደምሩት። ትልልቅ ምት በአንዴ ሲያርፍ ከቁጥሩ በላይ ስለሚከብድ 28ቱ በስሌት እንደ 40 ይቆጠራል። 85 የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ጥበቡ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ በኩራዝ ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ ደብተርህን ከኩራዙ እጥፍ ስታርቀው ብርሃኑ ግማሽ አይሆንም፣ ሩብ ነው የሚሆነው። ጨረርም እንደዚያው ነው። ከምንጩ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለ ሥጋ 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለው 4 እጥፍ ያህል ይመታል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ውስጥ ሚሊ ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ሽቦው የት መቆም እንደሚችል የሚወስነው ደግሞ ቱቦው ነው። ቱቦው ያልደረሰበት ቦታ ሽቦው አይደርስም። ስለ ዕቃ ቅርጽ ይህን ያህል የምንዘበዝበው ለዚህ ነው።

«ታዲያ በዚህ ዘመን፣ በዘመናዊ ማሽን፣ ለምን ከውጪ ብቻ አይሰጥም?» የሚል አይጠፋም። አሜሪካኖቹም ብለውት ነበር። በ1988 ከሚመለከታቸው ሴቶች 83 በመቶዎቹ ብራኪቴራፒ ያገኙ ነበር፤ በ2009 ወደ 58 በመቶ ወረደ። ቁጥሩን ያጠኑት ሰዎች ያገኙት ነገር ብራኪቴራፒ ያገኙት ሴቶች ካላገኙት በተሻለ በሕይወት መቆየታቸውን ነው። ዘመናዊው ማሽን ቀድሞ ያ ያረጀ የሚመስለው ቱቦ የሚሠራውን አልሠራም።

ያረጀ ስንል በእርግጥም አርጅቷል። ኩሪዎቹ፣ ማሪና ፒየር፣ ራዲየምን ያገኙት በ1898 ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሐኪሞች ራዲየም በቱቦ እያሸጉ ማህፀን ውስጥ ማኖር ጀመሩ። ከዚያ የአውሮፓ ከተሞች እንደ ኳስ ቡድን ተከፋፈሉ። ስቶክሆልሞች ብዙ ራዲየም ለአጭር ሰዓት፣ ደጋግመው፤ ማህፀኑ በር ላይ የሚደገፈውን በትንንሽ ሣጥን ያደርጉት ነበር። ፓሪሶች ትንሽ ራዲየም ለብዙ ቀናት፤ ዕቃቸው ደግሞ… ቡሽ! አዎ፣ ያው ቡሽ። (ፈረንሳይ አይደል፣ ጠርሙሱ ተከፍቶ የተረፈ ይሆናል።) ማንቸስተሮች እንቁላል የመሰለ ጎማ ሠሩ፤ ሁለት እንቁላል፣ አንዱ በማህፀኑ በር ግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ መካከላቸው ወደ ማህፀን የሚዘልቅ ቱቦ።

ከማንቸስተር አንድ ሌላ ነገርም ወጣ። በ1938 ማርጋሬት ቶድ የምትባል ሐኪምና ሜሬዲዝ የሚባል የፊዚክስ ሰው «መጠኑን የት ላይ እንለካው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጡ፤ ከብልት መጨረሻ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ ከማህፀኑ መስመር 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን። ፖይንት ኤ አሉት፤ በእኛ ፊደል ነጥብ ሀ ይሁን። ዓለም ሁሉ ለሰባ ዓመት ገደማ በነጥብ ሀ ሲለካ ኖረ። አሁንም የሚለኩ አሉ። ነጥብ ሀ ጥሩ ነገሩ የትም ሆስፒታል፣ በተራ ራጅ ሊገኝ መቻሉ ነው። መጥፎው ደግሞ ይኸው ነው፤ ነጥቡ የተሰፈረው ከዕቃው ነው እንጂ ከሴትየዋ ዕጢ አይደለም። የአንዷ ዕጢ ለውዝ ያክላል፣ የሌላዋ ብርቱካን። ነጥብ ሀ ለሁለቱም እዚያው ነው።

በዚያ ዘመን ራዲየሙን በእጅ የሚያስገቡት ሐኪሞችና ነርሶች ራሳቸው እየተጠበሱ ነበር። በኋላ ኒው ዮርክ ላይ ሄንሽኬ የሚባል ሐኪም፣ ሂውስተን ላይ ደግሞ ፍሌቸርና ሱት፣ ባዶውን ቱቦ መጀመሪያ አስገብቶ ምንጩን በኋላ መላክ የሚለውን አሠራር አስያዙ። ፍሌቸር በ1953 ያወጣው የእንቁላል አሠራር ዛሬም በስሙ ይሸጣል። ያኔ ሴትየዋ ምንጩን ይዛ ቀን ከሌሊት ሳትነቃነቅ ትተኛ ነበር፤ አሁን በደቂቃ ነው።

ወደ እቴቴ እንምጣ። የውጪውን ጨረር ጨርሰው የውስጡ ሊጀመር ሲል ወጣቱ ሐኪም ኮሪደር ላይ አቆመንና በቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ ሥዕል ሳለልን። አንድ ቱቦ፣ ጫፉ ላይ ክብ። ከጎኑ ሌላ ቱቦ፣ በግራና በቀኙ እንቁላል። «ሁለት ምርጫ አለን፤ እኔ ቀለበቱን ነው ያሰብኩት» አለ። እቴቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩናል። «ምን ይላል ልጁ?» አሉ። እኛ የወንድማቸው ልጆች፣ አንዳችን ጋዜጠኝነት ተመርቀን፣ አራት ዓመት ሙሉ ነገር ማስረዳት ተምረን፣ ተያየን።

«እቴቴ፣ ቀለበት የመሰለ ነገር ነው… ውስጥ የሚገባ» አልን።

«ቀለበት? በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ማን ሊያገባኝ ነው?»

ሐኪሙም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ማስረዳት ከበደን። «የማህፀን በር» ስንል በር አሉ፣ ገባቸው። «ብልት» የሚለውን ግን ሰው በሞላበት ኮሪደር፣ ለአባታችን እህት፣ በምን አፋችን እንበለው? «ታች» አልን። ከወገብ በታች ያለው የሴት አካል ሁሉ በአማርኛችን «ታች» ነው። ፊኛውም ታች፣ አንጀቱም ታች። ስለ ሚሊ ሜትር የሚያወራ ሕክምና «ታች» በሚል አንድ ቃል ማስረዳት ምን እንደሚመስል አስቡት።

ቀለበቱና እንቁላሎቹ ምን ለያቸው? ከዚያ ቀን በኋላ ያገኘነውን ሁሉ ስናነብ ሰነበትን። ቀለበቱ የስቶክሆልም ልጅ ነው፣ እንቁላሎቹ የማንቸስተር። ሁለቱም የሚሠሩት የጨረር ቅርጽ አንድ ዓይነት ነው፤ ፈረንጆቹ ፒር የሚባለው ፍሬ ይመስላል ይላሉ፣ እኛ አቮካዶ እንበለው። ወፍራሙ ወገን የማህፀኑን በር ያቅፋል፣ ቀጭኑ ወደ ማህፀን ይወጣል። ልዩነቱ የአቮካዶው ውፍረትና አቀማመጡ ላይ ነው።

ቀለበቱ ከቱቦው ጋር አንድ ላይ ይቆለፋል። ግራና ቀኙ ሁሌም እኩል ነው፣ ዛሬ የገባው በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው ይገባል። ለሚያስገባው ሰው ይቀላል፣ ሽቦውም በክቡ ዙሪያ በፈለጉት ቦታ ሊቆም ይችላል። በዕድሜ ወይም በጨረሩ ምክንያት ብልታቸው ለጠበበ፣ በማህፀኑ በር ዙሪያ ያለው ጉድጓድ ለጠፋ ሴቶች እንቁላሎቹ መቀመጫ ያጣሉ፤ ቀለበት ግን ይቀመጣል። ሐኪሙ ለእቴቴ ቀለበት ያለው ለዚህ ነበር። ቀለበቱ ራሱ በልክ በልኩ ይመጣል፤ 26፣ 30፣ 34 ሚሊ ሜትር፤ ከቱቦው ጋር የሚሠራው ማዕዘንም እንደ ማህፀኑ ዘንበል ማለት ይመረጣል።

እንቁላሎቹ ደግሞ ግራና ቀኝ ተለያይተው መራቅ ይችላሉ። በጎን በኩል ሰፊ ቦታ ላላት፣ ዕጢዋም ሰፋ ላለ ሴት አቮካዶውን ያወፍሩታል። ውፍረታቸው 2፣ 2.5፣ 3 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያም ያነሰ አለ። ሥጋውን ገፍተው ከምንጩ ስለሚያርቁት ተመሳሳይ ጥልቀት ላይ ለመድረስ የብልቱን ግድግዳ ያን ያህል አይጠብሱትም። ችግራቸው አንዱ ወደፊት፣ አንዱ ወደኋላ ሊንሸራተት መቻሉ ነው። ከሳምንት ሳምንት ቦታቸው ሊለያይ ይችላል። ቀለበቱም የራሱ ጣጣ አለው፤ የሽቦው መንገድ ለብልቱ ግድግዳ በጣም ቅርብ ስለሆነ ያቀደው ሰው ካልተጠነቀቀ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው መጠን ያለ አግባብ ይንራል።

ሦስተኛም አለ፤ ቀለበትም እንቁላልም የሌለው፣ ቱቦው በሲሊንደር ተከብቦ የሚገባ። ዕጢው ወደ ብልት ወርዶ ሲገኝ እሱ ይመረጣል። ግን አቮካዶው ይቀርና ዱባ ቅል የመሰለ ረጅም ነገር ይሆናል፤ ፊኛና አንጀት የሚደርስባቸው ይጨምራል። ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ነው።

አንዱን ከሌላው ያወዳደሩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ በጥቂት ሴቶች ላይ የተሠሩ ናቸው። እኛ አንብበን የተረዳነው፣ በደንብ የገባ ማንኛውም ዕቃ በመጥፎ ሁኔታ ከገባ «የተሻለ» ዕቃ ይበልጣል። ዕቃው ከገባ በኋላ ከፊትና ከኋላ ጎዝ ይጠቀጠቃል፤ ፊኛውንና አንጀቱን ለመግፋት። ያ ጎዝ በትዕግሥት ተጠቅጥቆ 5 ሚሊ ሜትር ከገፋ፣ ቀለበት ነው እንቁላል ነው ከሚለው ክርክር ይልቅ አንጀቱን የሚያድነው እሱ ሊሆን ይችላል። (ኩራዟን አስታውሱ።)

ግን ሁለቱም የማይበቁበት ጊዜ አለ። ዕጢው ወደ አንድ ጎን፣ ወደ ዳሌ ግድግዳ ሲሄድ። አቮካዶውን ወደ ግራ ብቻ ማሳበጥ አይቻልም፤ ብትጎትተው በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚያብጠው፣ ፊኛም አለ፣ አንጀትም አለ። የቪየና ሰዎች ለዚህ ቀላል የሚመስል ነገር አደረጉ፤ ቀለበቱን በሱት። በቀዳዳዎቹ ቀጫጭን መርፌ ይገባል፣ ዕጢው ወዳለበት ጎን ብቻ፣ ሽቦውም በመርፌው ውስጥ ይሄዳል። ዩትሬክቶች ያንኑ በእንቁላሎቹ ላይ ሠሩት። ከዚያም ለባሰ፣ ከውጪ በሠሌዳ ብዙ መርፌ የሚሰካበት አለ፤ ከ1970ዎቹና ከ80ዎቹ ጀምሮ ነበረ።

መርፌው ትርጉም የሚኖረው ዕጢው የት እንዳለ ካየህ ነው። የአውሮፓ ባለሙያዎች በ2005 እና በ2006 ባወጡት መመሪያ ነጥብ ሀን ወደ ጎን ብለው፣ ዕቃው ከገባ በኋላ በኤምአርአይ ዕጢውን ራሱን ስሉት፣ ዕጢው ምን ያህል እንደተመታ ለኩ፣ ከፊኛውና ከአንጀቱም ክፉኛ የተመታውን 2 ሚሊ ሊትር ለኩ አሉ። ኤምብሬስ የተባለው ጥናት ይህንን በ24 ሆስፒታሎች ተከተለ፤ በ2021 የወጣው ውጤት 1,341 ሴቶችን ይዟል። ከ5 ዓመት በኋላ በሽታው በነበረበት ቦታ ያልተመለሰባቸው 92 በመቶ ናቸው። ከእሱ ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ መርፌ አዘውትረው የሚጠቀሙትን ከማይጠቀሙት ያወዳደረ ሌላ ጥናት ነበር፤ መርፌው ዕጢው ላይ የሚያርፈውን በአማካይ በ9 ግሬይ ጨምሯል፣ ትልልቅ ዕጢ በነበራቸው ሴቶች ደግሞ በሽታውን ባለበት መቆጣጠር 10 በመቶ ተሻሽሏል፤ ጎን ለጎን የሚደርሰው ጉዳት ሳይጨምር። 10 በመቶ ማለት ከአሥር ሴት አንዷ ናት።

አሁን ጽሑፎቹ ውስጥ በአንድ መስመር ስለሚታለፈው ነገር። ያማል። ቱቦው በማህፀኑ በር ማለፍ አለበት፣ በሩ መከፈት አለበት፣ ጎዙ መጠቅጠቅ አለበት፣ ከዚያ ሁሉም እንዳለ ሆኖ ፎቶ፣ እቅድ፣ ጥበቃ፤ ሰዓታት። ከወገብ በታች ማደንዘዝ ይቻላል፣ ሙሉ ማደንዘዝ ይቻላል፣ በመርፌ ማስታገሻ ሰጥቶ ማፍዘዝ ይቻላል። እቴቴ ለመጀመሪያው ዙር የተሰጣቸው አንድ ኪኒንና «ጠንከር ይበሉ እማማ» የሚል ቃል ነበር። ሲወጡ አላለቀሱም። መኪና ውስጥ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ «ሰባት ወልጃለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም» አሉ። «ሁለተኛ አልሄድም» አሉ።

እንግዲህ አስቡት። የስቶክሆልምና የማንቸስተር ክርክር፣ የቪየና ቀዳዳ፣ ኤምአርአይ፣ 85 ግሬይ፤ ሴትየዋ ሁለተኛ ካልመጣች ሁሉም ዜሮ ነው። ከአራት ዙር አንዱን ብቻ የወሰደች ሴት የወሰደችው 7 ግሬይ ነው። ሦስት ቀን ለመንናቸው። በመጨረሻ የሄዱት፣ ከመካከላችን አንዳችን ነርሷ ዘንድ ገብተን ማደንዘዣ ሰጪ ያለበትን ቀን ጠይቀን ቀጠሮው ወደዚያ ከዞረ በኋላ ነው። ለካ ቀኑ ነበረ። የጠየቀ ስላልነበረ ነው። ከወገብ በታች ደነዘዙ፣ ቀለበቱም ገባ፣ «እግሬን የት ጣላችሁት?» እያሉ ወጡ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ማህፀኑ በር ላይ ትንሽ የፕላስቲክ እጅጌ ይሰፋል፤ በሚቀጥሉት ዙሮች በሩን እንደገና መክፈት አያስፈልግም፣ ቱቦው በእጅጌው ውስጥ ይንሸራተታል። ርካሽ ነገር ነው። ለእቴቴ አልተደረገም።

ሌላም የማይነገር አለ። ከጨረሩ በኋላ ብልት ሊጠብና ሊያጥር ይችላል፤ ግድግዳው ላይ ያረፈው መጠን በጨመረ ቁጥር ይብሳል፤ ለዚህ የሚሆን ማስፊያ አለ፣ በየሳምንቱ የሚጠቀሙበት። በሽታው ደግሞ የአሮጊት ብቻ አይደለም፣ በሠላሳዎቹ ያሉትንም ይይዛል። እቴቴ አልጋ አጠገብ የተኛችው ሴት ገና ሠላሳ አምስት ነበረች፣ ባለትዳር። ስለ ማስፊያው የሰማችው ከእኛ ነው። እኛም ያገኘነው በንባብ ነበር።

አገራችን ውስጥ ይህ ሁሉ ከሌላ ነገር ጋር ይያያዛል። ጥቁር አንበሳ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት አስርት ዓመታት ገደማ በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ነበር፤ ከሞያሌም ከመተማም የሚመጣው ሰው ወደ እሱ ነበር። ማሽን መጨመር አንድ ነገር ነው። ለብራኪቴራፒ ግን ማሽኑ ብቻ አይበቃም፣ ውስጡ ያለችው የሩዝ ፍሬም አለች። ኢሪዲየም በ74 ቀን ጉልበቱ ግማሽ ይሆናል። ዛሬ 6 ደቂቃ የፈጀ ሕክምና ከሁለት ወር ተኩል በኋላ 12 ደቂቃ ነው፤ ከዚያም እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ በየ3 እና በየ4 ወሩ አዲስ ፍሬ ከውጪ ማዘዝ ነው፤ በውጪ ምንዛሪ፣ በአውሮፕላን፣ በጉምሩክ፣ ሬዲዮአክቲቭ ተብሎ በተጻፈበት ሣጥን። ሣጥኑ አንዱ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ሲጠብቅ ፍሬዋ በየቀኑ 1 በመቶ ገደማ እየከሰመች ነው።

ኮባልት 60 የሚባል ሌላ ምንጭ አለ። ግማሽ ለመሆን ከ5 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። በቀለበትም በእንቁላልም በመርፌም ውስጥ ይሄዳል፣ የሚሠራው አቮካዶ ከኢሪዲየሙ ብዙ አይለይም። ጨረሩ ይበልጥ ሰርሳሪ ስለሆነ የክፍሉ ግድግዳ ወፍራም መሆን አለበት። ግድግዳ ደግሞ አንዴ ነው የሚገነባው።